በቫዝሊን ዕቃ የላኩት ቅባት

እኔ አፌ የማያርፍ ሴትዮ ነኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ ልጄማ በእንግሊዝኛዋ «ማዘር፣ አንቺ ለፖስተኛው ሳይቀር ምሳ ምን እንደበላሽ ትነግሪዋለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ፣ መናገር የነበረብኝ ቀን ዝም አልኩ። ስለዚያ ቀን ነው የምጽፈው። እስካሁን ሲታወሰኝ ፊቴ ይግላል።

እዚህ አሜሪካ፣ ሻኮፒ በምትባል ከተማ፣ ከእነዚያ ዳር ድንበራቸው ከማይታይ መጋዘኖች በአንዱ ነው የምሠራው። ሥራዬ ፓክ ማድረግ ነው። ዕቃው ይመጣል፣ ልኩን ካርቶን እመርጣለሁ፣ አሽጋለሁ፣ ቴፕ እለጥፋለሁ፣ እገፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። በሦስተኛው ዓመት የሁለቱም እጆቼ አንጓ ይነድ ጀመር። ጠዋት ስነሳ የጥርስ ብሩሽ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ። ሐኪሙ «እጆችሽን አሳርፊ» አለኝ። ጎሽ! እጄን አሳርፌ የቤት ኪራዩን በእግሬ ልሥራው?

ሲቢዲ የሚባለውን ቅባት ያሳየችኝ አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ናት። በዕረፍት ሰዓት ከኪሷ አውጥታ አንጓዬን ቀባችልኝ። የካምፎር ሽታ አለው፤ ቀዝቀዝ ያደርጋል። «ከምን የተሠራ ነው?» ብላት «ከሄምፕ» አለችኝ። ሄምፕ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ሳጣራ ለካ ያው የሐሺሹ ተክል ነው! በስመ አብ ብዬ እጄን ልታጠብ ሮጥኩ። ሴትዮዋ እስክታነባ ሳቀች።

ሕመሙ ሲብስብኝ ግን ራሴ ሱቁን ፈልጌ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ጺማም ሰውዬ አይዲ ጠየቀኝ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። «ከሃያ አንድ በታች እመስልሃለሁ?» አልኩት። እዚያው ሱቅ የሚያሰክረው ከረሜላና መጠጥም ስለሚሸጥ የገባውን ሁሉ እንደሚጠይቁ ነገረኝና ካርቶኑን ይዞ እንደ መምህር ያስረዳኝ ጀመር። ተክሉ አንድ ነው፤ የሚያሰክረው ነገር ከመቶ ዜሮ ነጥብ ሦስት ካልበለጠ ሕጉ ሄምፕ ይለዋል፤ ከበለጠ ሌላ ስም፣ ሌላ ሕግ ነው። ማን እንደሠራው፣ ምን ያህል እንዳለበት ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱም በስልክ ይነበባል። «ታዲያ ያድነኛል?» አልኩት። «ያድናል ማለት አልችልም፤ ሕጉ ይከለክለኛል» አለ። «እሺ፣ ምን ማለት ትችላለህ?» ብለው «ብዙ ሰው ተመልሶ ይገዛዋል ማለት እችላለሁ» አለኝ። ሳቅኩና ገዛሁ። ተሻለኝ። ቅባቱ ይሁን ካምፎሩ፣ ወይስ እጄ መታሸቱ፣ እግዜር ይወቀው።

ጎረቤቴ ዘንድ ይዤው የሮጥኩት በዚያው ቀን ነው። ጎረቤቴ ስል እህቴ ማለቴ ነው። ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ በር ለበር ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። እሷ የባሌ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፤ ቤቷ የሚወራው በኦሮምኛ ነው፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። በጾሜ ወራት ከቤቷ ለእኔ የሚመጣው ሳህን ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ በሮመዳን ደግሞ ሳምቡሳው የእኔ ድርሻ ነው። ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን በዚያ በረዶ ትምህርት ቤት ያመላለሰቻት እሷ ናት። የትምህርት ቤት ባስ ድራይቭ ታደርጋለች፤ እንደ እሷ ጥንቁቅ ሹፌር አላየሁም።

ቅባቱን ሳሳያት ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ከእኔ አርቂው! እኔ ሲዲኤል ነው ያለኝ!»

ሲዲኤል የባስና የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው። ያን የያዘ ሰው ድንገት ተጠርቶ ሽንቱ ይመረመራል፤ የሚያሰክረው ነገር ቅንጣት ከተገኘበት «ሲቢዲ ነው የተጠቀምኩት» ቢል ማንም አይሰማውም። የተከለከለ ነገር ሽታው እንኳ እንዲነካት አትፈልግም።

«በሱቅ ይሸጣል እኮ፣ ሕጋዊ ነው» አልኳት።

«ለአንቺ ሕጋዊ ነው። ለእንጀራዬ ግን አይደለም» አለችኝ።

ፈሪ ብዬ ሳቅኩባት። እሷም ሳቀች፤ ቅባቱን ግን በጣቷ አልነካችውም።

ባለፈው ክረምት አባቷ ታመሙ። አሥራ አንድ ዓመት አላየቻቸውም። መጀመሪያ ወረቀት አልነበራትም፤ ወረቀቱ ሲመጣ ልጆች መጡ፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ሥራው አልለቅ አላት። በስልክ ስታናግራቸው ድምፃቸው ከቀን ቀን እየቀጠነ ሄደ። ፈቃድ ወሰደች፣ ቲኬት ቆረጠች። በአንድ ዓረብ አገር በኩል ነው የምታልፈው፤ እዚያ ወርዳ ሌላ አውሮፕላን ትይዛለች። በእነዚያ ቀናት አፏ ላይ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያ ረቢ፣ በሕይወት ልድረስበት። ሌላ ምንም አልለምንህም፤ ልድረስበት።»

የእኛ ሰው አገር ቤት ሲሄድ ግን ሻንጣው የራሱ አይደለም። መሄዱ ከተሰማ ጀምሮ በሩ ይንኳኳል። አንዱ ለእናቱ መነጽር፣ አንዱ ለወንድሙ ስልክ፣ አንዷ ለአራስ እህቷ ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም «ትንሽ ነገር ናት» ይላሉ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በቴፕ ታስሮ፣ ላዩ ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ምን እንዳለበት መጠየቅ ነውር ነው። ጠየቅሽ ማለት ጠረጠርሽ ማለት ነው። እሷም አንዱን ሻንጣ ለሰው ለቀቀችና በእጅ ሚዛን እያንጠለጠለች ትቀበል ጀመር።

እኔ አዲስ አበባ ታላቅ እህት አለችኝ። ጉልበቷን ያማታል፤ የምትኖረው ደግሞ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከገበያ ስትመለስ ሦስት ቦታ ተቀምጣ ነው የምትወጣው። በስልክ ስታማርረኝ እጄ ላይ ያለው ቅባት ታወሰኝና ለእሷ ሁለት ገዛሁ።

የመስታወት ዕቃ ስለሆነ ይከብዳል። እኔ ደግሞ ኑሮዬ እኮ ማሸግ ነው፤ በዚህ ማን ይቀድመኛል! ካርቶኑን ጣልኩ፣ ወረቀቱን ጣልኩ፣ ቅባቱን በማንኪያ እየዛቅኩ ባዶ የቫዝሊን ዕቃ ሞላሁበት። ኪሎ ይቀንሳል፤ ቦሌም ጉምሩክ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ አያስቸግራትም። ሁላችንም እንዲህ ነን። አዲስ ጫማ ስንልክ እንኳ ሶሉን አስፋልት ላይ አሽተን፣ የተጫሙት አስመስለን ነው። አድርጌ ስጨርስ በራሴ ሙያ ኮራሁ።

ስሰጣት «የእህትሽ ናት?» አለችኝ።

«አዎ። ቅባት ናት፣ ለጉልበቷ» አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም። ሲቢዲ ናት ብላት ግን እምቢ እንደምትል አውቃለሁ። በኋላ ለሰው ሁሉ «አላሰብኩትም ነበር» ስል ከረምኩ። አስቤዋለሁ። አስቤው፣ የእህቴን ጉልበት አስቤ፣ ምንም አይደርስባትም ብዬ ዝም አልኩ። እሷም ከልጅ ፒጃማ ጋር ጠቅልላ ሻንጣው መሃል አስቀመጠችልኝ፤ እንዳይፈስብኝ ብላ።

የምትበርበት ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጠዋት በሯ ላይ ተሰነባብተን ነው የወጣሁት። በምሳ ዕረፍት ልጄ ደወለች። ልጄ እዚሁ የተወለደች ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛ ጥርት አድርጋ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የሪሳይክል ቆሻሻውን ልታወጣ ስትል የቅባቶቹን ሁለት ካርቶኖች አግኝታለች።

ቅባቱ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። «ለአክስትሽ ላክሁላት» አልኳት። በማን አለችኝ። «በእሷ ነዋ» አልኩና የጎረቤቴን በር የምታየው ይመስል እጄን ዘረጋሁ።

ከዚያ በአማርኛ ተናገረች። ልጄ በአማርኛ የምትናገረው ስትደነግጥ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እሱ እኮ እዚህ ነው የሚፈቀደው። እዚያ አውሮፕላን የምትቀይርበት አገር በትንሽ ነገር ሰው ያስራሉ። ኢትዮጵያም ቢሆን ከዚያ ተክል የመጣ ሁሉ አንድ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ሦስት ብሎ የሚለካላት የለም። ካርቶኑን ደግሞ ጥለሽዋል። ቫዝሊን ውስጥ የተደበቀ ነው የሚመስለው። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት ምን ልትል ነው?»

ምን ትላለች? ቅባት ናት ትላለች። እኔ ያልኳትን ትላለች። ያኔ ምሳዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሳሁ። እሷ እኮ ለመንጃ ፈቃዷ ስትል በጣቷ ያልነካችው ነገር ነው፤ እኔ ሻንጣዋ መሃል የከተትኩት።

ልትበር ሦስት ሰዓት ያህል ቀርቷታል። ለአለቃዬ «ኢመርጀንሲ!» ብዬ መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ደጋግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ስልኳን ከቦርሳዋ ሥር ቀብራ የምትሄድ ሴት ናት፤ ስንት ጊዜ በዚህ ተጣልተናል! መንገዱ በቀለጠ በረዶ ጨቅይቷል፤ ፊት ለፊቴ ያለው መኪና ሁሉ የሚንፏቀቅ መሰለኝ። «እመቤቴ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ድረሺላት» እያልኩ ጮኼ ጸለይኩ። አጠገቤ የቆመ ሹፌር እያየኝ መስኮቱን ዘጋ።

ኤርፖርቱ በር ላይ መኪናዬን እንደበራ ጣልኩት። ፖሊሱ እዚህ ማቆም አይቻልም እያለ ተከተለኝ። «ሁለት ደቂቃ! እህቴ ናት!» አልኩና ሮጥኩ። የሥራ ቬስቴን እንኳ አላወለቅኩም።

ሰልፉ ላይ አገኘኋት። ከፊቷ አራት ሰው ብቻ ነበር። አዲስ ሻርፕ አድርጋለች፤ ሻንጣዎቿን በቀይ ገመድ አስራቸዋለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። ልሸኛት ሥራ ትቼ የመጣሁ መሰላት።

«ነይ ከሰልፉ ውጪ» አልኳት።

«ምን ሆንሽ? ልጅሽ ደህና ናት?»

«ያቺ ቅባት...» ብዬ ቀረሁ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ተንተባተብኩ።

ትክ ብላ አየችኝ። ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። «ሲቢዲ ናት?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ተሳደቢ፣ ጩኺ፣ በጥፊ በይኝ ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጋሪዋን ገፍታ ከሰልፉ ወጣች፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቀዩን ገመድ ትፈታ ጀመር። ገመዱ አልፈታ ስላላት እኔ ልፍታልሽ ብዬ ጎንበስ አልኩ። «አትንኪ» አለችኝ። ፒጃማውን ዘረጋችው፣ የቫዝሊኑን ዕቃ በሁለት ጣት አንስታ ሰጠችኝ። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ፖሊስ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። እዚህ ማንም ሰው የሚይዘው ቅባት ነዋ።

«በይ አለቀ፤ ዝጊው፣ ሰልፍሽን ያዢ» አልኳት።

አልዘጋችውም። ሻንጣው ውስጥ የቀሩትን የሰው ጥቅሎች ታያለች። ሰባት ነበሩ፤ ሁሉም በቴፕ የታሰሩ። «የእነዚህንስ ማን ያውቅልኛል?» አለች።

«እንክፈታቸው።»

«የሰው አደራ እዚህ ወለል ላይ አልበረብርም። እስከ ዛሬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። አንቺንም አልጠየቅኩም።» ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ክንዴ ላይ ትቆልላቸው ጀመር። «ውሰጂና ለየባለቤቱ መልሺ።»

«ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን በያቸው።»

ሰባት ጥቅል ታቅፌ ቀረሁ። እሷ ግማሹ ባዶ የሆነ ሻንጣዋን ዘግታ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ስለ እህቴ ጉልበት፣ አንድ ጊዜ ስለ ጉምሩክ፣ አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚሸጥ ከኋላዋ እለፈልፋለሁ። ወረፋዋ ደርሶ ሄደች። እንደ ወትሮው አላቀፈችኝም። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ይቅርታ አለማለቴ ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ ስቀባጥር አንዲት ይቅርታ አልወጣኝም።

ሰባት በር አንኳኳሁ። አንዷ «እንኳን ደረሽላት» ብላ ሳመችኝ። ሌላው ጥቅሉን ተቀብሎ በሩን ዘጋብኝ። ክሪስታል በሚባለው ከተማ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው መነጽር ነበር የላኩት፤ እናታቸው ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም ከነገርኳቸው በኋላ መነጽሩን እያገላበጡ «የእኔን እኮ ከፍታ ብታየው መነጽር ነበር» አሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ምን ታድርግ? ግን እናቴ እስከሚቀጥለው መንገደኛ በዳበሳ ናት።» አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም እመልስላቸው ነበር።

ለእህቴ ስደውል የጠየቀችኝ መጀመሪያ ስለ ቅባቱ ነበር። ታሪኩን ስነግራት ጮኸችብኝ። «ጉልበቴ ይቆረጥ! ለእኔ ደረጃ ብለሽ የሰው ልጅ እስር ቤት ልትጨምሪ? አባቷ አልጋ ላይ ናቸው እያልሽኝ?» ስልኩን ዘጋችው። ልክ ናት።

ጎረቤቴ መድረሷን ከልጆቿ ሰማሁ። ለእኔ አልደወለችም። በየቀኑ በሯን አልፋለሁ፤ ባሏ ሰላም ይለኛል፣ ነግራው ይሁን አይሁን ከፊቱ አላነብም። ምግብ ሠርቼ ለልጆቹ አስገባለሁ። ልደውልላት ስልኩን አነሳና እመልሰዋለሁ። ምን ብዬ?

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ መጋዘኑ ፓርኪንግ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጠራ። የውጭ ቁጥር ነው።

«አባቴ ሞተ» አለችኝ። «ትናንት ቀበርነው።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ እንባዋ አልቆ ድምፅዋ ብቻ ነው የቀረው። አብሽሪ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ተገላቢጦሽ እሷ «አብሽሪ» አለችኝ።

«ደረስኩበት» አለች። «አሥር ቀን አገኘሁት። ስድስቱን ቀን አውቆኛል። ሊጠይቀው ለሚመጣው ሁሉ ‹ልጄ ይህን የሚያህል ባስ ትነዳለች› እያለ በእጁ ያሳይ ነበር።»

ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ አውሮፕላን የቀየረችበት አገር ላይ የሆነውን ነገረችኝ። ሻንጣዋን አስከፍተዋታል። ውሻ ነበራቸው። ፒጃማውን ሳይቀር አንድ በአንድ እየዘረጉ አይተዋል፣ ምንም አላገኙም፣ ሂጂ ብለዋታል። እኔ መሪውን ጨብጬ ያን አሥር ቀን አሰብኩ። እነዚያ አሥር ቀናት የእሷና የአባቷ እንዳይሆኑ ያደረግኩት እኔ ልሆን ነበር፤ ለአንድ ዕቃ ቅባት ብዬ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «ያን ቀን አላልኩሽም። ይቅር በይኝ።»

ከበስተጀርባዋ የለቀስተኛ ድምፅ፣ ቁርአን የሚቀራ ሰው ድምፅ ይሰማል። እሱም ሲጠፋ የተቆረጠ መሰለኝና «አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «አንድ ቀን አባቴ ጠየቀኝ። ‹እዚያ አገር ከቤተሰብሽ ሌላ ማን አለሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹እህት አለችኝ፤ ሥራዋን ትታ ኤርፖርት ድረስ መጥታ ሸኝታኛለች› አልኩት።»